ዕቃ ከመቀየር በፊት መለካት፦ የመኪናን የኤሌክትሪክና የሞተር ብልሽት በቤት ለይቶ ማወቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሴ መኪና ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ አስቸገረኝ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል፤ ጥቂት ቆይቼ ስሞክር ደግሞ ምንም ችግር እንዳልነበረበት ይነሳል። ባትሪው አርጅቷል ተባልኩና ቀየርኩት፤ አንድ ሳምንት ያህል ደህና ከርሞ ያው ሆነ። ቀጥሎ ሞተሪኖው ነው ተባለና ወርዶ ታደሰ፤ ችግሩ ግን አልለቀቀኝም። በመጨረሻ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞርልኝ ሳደርግ 1.3 ቮልት አነበብኩ። በዚያ መካከል ሊታይ የሚገባው ቢበዛ 0.2 ቮልት ገደማ ነበር። ባትሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የኔጋቲቭ ኬብል ላዩ ሲታይ ጤነኛ ቢመስልም፣ ከሞተሩ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ከብሎኑ ሥር ዝጎ ኖሯል። ብሎኑን ፈትቼ፣ የኬብሉን ራስና የሞተሩን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ መልሼ ሳጠብቀው መኪናው ተነሳ። ሁለት ዕቃ ያለ ጥፋቱ ተቀይሯል ማለት ነው።

በቤት የሚደረግ ምርመራ ዋና ሥራው አንድ ዓይነት ምልክት የሚያሳዩ ብልሽቶችን የሚለያይ ፈተና መፈለግ ነው። «አልነሳም አለ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር መኪናና ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ መኪና የሚመረመሩበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። መሣሪያውም ብዙ አይደለም። መልቲሜትር፣ ብዙዎች ቴስተር የሚሉት፣ የግድ ነው፤ ርካሹም ቢሆን የባትሪን ቮልት በበቂ ትክክለኛነት ያነባል። ከእሱ ሌላ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የካንዴላ (በሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጠው ዕቃ) መፍቻና ትንሽ የኮድ ማንበቢያ (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ) ካለ የዚህን ጽሑፍ አብዛኛውን ክፍል መሥራት ይቻላል።

ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፤ በባትሪው ፖዘቲቭና በመኪናው ብረት መካከል የገባ ቀለበት በቅጽበት ግሎ ጣትን ያቃጥላል። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ እሳትም ሆነ ሲጋራ አይኑር። ኬብል ሲፈታ ኔጋቲቩ በቅድሚያ ይፈታል፤ ሲታሰር ደግሞ ኔጋቲቩ በመጨረሻ ይታሰራል፤ ይህ የሆነው ፖዘቲቩን በሚፈቱበት ጊዜ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ ሾርት እንዳይፈጠር ነው። የራዲያተሩ ፋን በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጅን ከእሱ ማራቅ ያስፈልጋል። ሞተሩን በተዘጋ ቤት ውስጥ አያስነሱ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። መኪናው ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ኬብሎች ከፍተኛ ቮልት ስለሚያስተላልፉ ጨርሶ አይነኩም።

ሞተሪኖው ሳያዞር ሲቀር

መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ፈጣን ተከታታይ ድምፅ ከተሰማ፣ የሞተሪኖው ማግኔት ለመሳብ የሚበቃ ቮልት አግኝቶ ሞተሪኖውን ለማዞር ሲሞክር ቮልቱ ወዲያው ስለሚወድቅ ይለቅቃል፣ ተመልሶም ይስባል ማለት ነው፤ ይህ የደከመ ባትሪ ወይም የላላና የዛገ ግንኙነት ምልክት ነው። አንድ ጠንካራ ቀጭታ ብቻ ከተሰማ ሞተሪኖው ራሱ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ወፍራም ኬብል፣ እንዲሁም በእኔ እንደደረሰው የኔጋቲቩ ኬብል ይጠረጠራል። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ትእዛዙ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፤ ምክንያቱ ፊውዝ፣ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቅ ኃይል የሚያሳልፍ ስዊች)፣ የቁልፍ ማብሪያው ወይም አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና በፒ ወይም በኤን ላይ መሆኑን የሚያረጋግጠው ስዊች ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን ወደ ኤን አምጥቶ መሞከር አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ከተነሳ ስዊቹ ተገኘ።

ከጆሮ ቀጥሎ ዓይን ይሠራል። የውስጡን መብራት አብርተው ቁልፉን ያዙሩ። መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደበዘዘ ኃይሉ አንሷል፤ መብራቱ ሳይነቃነቅ ሞተሪኖው ዝም ካለ ባትሪውን ለጊዜው ይተዉትና ወደ ፊውዝና ሪሌ ይሂዱ።

አሁን መለካት ነው። የባትሪ ትክክለኛ ቮልት የሚታየው መኪናው ጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ ነው፤ ገና ከመንገድ የገባ ከሆነ የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ ያህል አብርቶ ማጥፋትና ጥቂት ታግሦ መለካት በላይ ላይ የተንሳፈፈውን ቻርጅ ያስወግደዋል። 12.6 ቮልት ገደማ ያሳየ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 ቮልት በታች የወረደው ባዶ ስለሆነ ሌላ ምርመራ ከመደረጉ በፊት ቻርጅ መደረግ አለበት። ሆኖም ይህ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ውስጡ የተበላሸ ባትሪ ቆሞ ሳለ 12.6 እያሳየ ጭነት ሲመጣበት ይወድቃል፤ ስለዚህ መለኪያው በባትሪው ራሶች ላይ እንዳለ ሌላ ሰው ሞተሩን እንዲያዞር ያድርጉ። በመጠነኛ የአየር ሙቀት ንባቡ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደና ባትሪው አስቀድሞ ሙሉ ከነበረ፣ ባትሪው አልቆለታል። ንባቡ ከ10 በላይ ሆኖ ሞተሪኖው የሚያቃስት ከሆነ ኃይሉ ባትሪው ውስጥ አለ፤ መንገድ ላይ ግን እየጠፋ ነው።

የት እንደሚጠፋ የሚያሳየው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ነው። ጤነኛ ኬብል ኃይል በሚያልፍበት ጊዜ በሁለት ጫፎቹ መካከል የቮልት ልዩነት ሊኖረው አይገባም ማለት ይቻላል። መለኪያውን በዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉና አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ወፍራሙ ኬብል ሞተሪኖው ላይ በሚታሰርበት ብሎን ላይ ይንኩ፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ በዚያ መንገድ ላይ መሰናክል አለ። በኔጋቲቩ በኩልም ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ወደ ሞተሩ ብረት እንዲሁ ይለካል፤ እዚያ 0.2 ቮልት ገደማ ይበቃል። መሰናክሉ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ጫፉን ደረጃ በደረጃ ማቀራረብ ነው፦ መጀመሪያ ከባትሪው የእርሳስ ራስ ወደ ማሰሪያው፣ ከማሰሪያው ወደ ኬብሉ፣ ከኬብሉ ወደ መጨረሻው ብሎን። በእርሳሱ ራስና እሱን በጨበጠው ማሰሪያ መካከል፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ግማሽ ቮልት ሲታይ ብዙ ሰው መለኪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ማሰሪያውን ፈትተው ውስጡን ቢያዩት ግን እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ስስ ሽፋን ያገኛሉ።

ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ራሶቹ ላይ ካለ ኬብሎቹን ከፈቱ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠው ያፍስሱበት፤ አረፋው ሲበርድ በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ አድርቀው መልሰው ያጥብቁ። ውኃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል። ማሰሪያው ከጠበቀ በኋላ በእጅ ሲጠመዘዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ገና አልጠበቀም።

ፊውዝን በዓይን ብቻ አይመኑ፤ በጀርባው ባሉት ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች ላይ ቮልት መለካት ይሻላል፤ በሁለቱም በኩል 12 ካለ ደህና ነው፣ በአንዱ ብቻ ከሆነ ተቃጥሏል። ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው፤ የተቃጠለውን ከእሱ በሚበልጥ መተካት ግን ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ስለሆነ እሳት ያስነሳል። ሪሌ ከሆነ በሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩ አንድ የሆነ ሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ የጡሩንባውን፣ አውጥቶ በቦታው መሞከር ከማንኛውም መለኪያ ይፈጥናል።

ባትሪው በአንድ ሌሊት ሲያልቅ

እዚህ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ቀን በበቂ አይሞላም ወይስ ሌሊት አንድ ነገር ይበላዋል? ሞተሩን አስነስተው በባትሪው ራሶች ላይ ይለኩ። በ13.8 እና በ14.5 መካከል ካለ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ) እየሞላ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ እንደ ሁኔታው ዝቅም ከፍም ስለሚያደርገው የፊት መብራቱንና የአየር ማራገቢያውን አብርቶ መልሶ መለካት ያስፈልጋል። ጭነት ተጨምሮበትም 12.5 ወይም ከዚያ በታች ከቀረ ዲናሞው አይሞላም፤ ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚሞላ ባትሪውንም መብራቶቹንም ያጠፋል። ዲናሞውን ከመውቀስ በፊት የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) መኖሩን፣ አለመላላቱንና አለመብለጭለጩን ይዩ፤ በማለዳ ወይም በዝናብ ጊዜ የሚጮኽ ቺንጋ ብዙ ጊዜ መልሱ ራሱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚለው የድሮ ፈተና ዛሬ መቅረት አለበት። ባትሪው የሚያለዝበው የቮልት ዝላይ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሮቹ ስለሚሄድ ለመመርመር ተብሎ ከፍተኛ ጥፋት ሊደርስ ይችላል።

ዲናሞው ደህና ከሆነ የሌሊቱ ሌባ ይፈለጋል። ሁሉንም ያጥፉ፣ በሮቹን ይዝጉ፤ የኮፈኑ መዝጊያ ስዊች ካለው እሱንም በካቻቢቴ ጫን አድርገው የተዘጋ ያስመስሉት። መልቲሜትሩን በ10 አምፔር መለኪያ ላይ አድርገው በኔጋቲቭ ራሱና በተፈታው ኔጋቲቭ ኬብል መካከል ያስገቡት። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ቁጥር ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መታገሥ የግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በአምስተኛው ደቂቃ ያየውን ቁጥር ይዞ ጤነኛ ዕቃ ይነቅላል። ከቆየ በኋላ 50 ሚሊ አምፔር ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን ይከታተሉ፤ ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ የሚመግበው መስመር ላይ ሌባው አለ። የጓንት ሳጥን መብራት፣ በኋላ የተገጠመ ሬዲዮና አላርም ተደጋጋሚ ጥፋተኞች ናቸው። መለኪያው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ሞተሩን ለማስነሳት አይሞክሩ፤ የመለኪያው ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።

ሞተሩ እየዞረ ሳይነሳ ሲቀር

የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ ነዳጅ፣ አየር፣ እሳትና መታመቅ በትክክለኛ ጊዜ ሊገናኙ ይገባል። ቀላሉን በማስቀደም ይጀመር፦ ጸጥ ባለ ቦታ ቁልፉን ሳያስነሱ እስከ «ኦን» ብቻ ያዙሩና ከኋላ ወንበር ሥር ያዳምጡ። በአብዛኞቹ የኢንጄክሽን መኪኖች የነዳጅ ፖምፓው ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝ» ብሎ ይቆማል። ድምፁ ከሌለ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም ፖምፓው ነው፤ ድምፁ መኖሩ ግን ግፊቱ በቂ መሆኑን አያረጋግጥም። ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ነዳጅ መኖሩን ያረጋግጡ፤ የነዳጅ ጠቋሚም ይዋሻል።

ሞተሪኖው ሲያዞር ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የዙር መቁጠሪያው መርፌ ከዜሮ ንቅንቅ ካላለ፣ የክራንክሻፍት ሴንሰሩ መልእክት ላይደርስ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ካላወቀ እሳትም ነዳጅም አይሰጥም። የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ኢሞቢላይዘሩ (የስርቆት መከላከያው) ቁልፉን አላወቀውም፤ በሌላኛው ቁልፍ ይሞክሩ። የሞተሩ አዟዟር ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ፣ ያለ ምትም አንድ ወጥ ሆኖ ከተሰማ ግን ቁልፉን ወዲያው ይልቀቁ። የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ማዞሩ ሲቀጥል ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ።

እሳት መኖሩን ለማየት የካንዴላን ገመድ በእጅ ይዞ መሞከር የለበትም፤ በዚያ መስመር ላይ ያለው ቮልት ከ20,000 ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ የሚሆን አነስተኛ የእሳት መፈተሻ አለ፤ ከሌለ ይህን ፈተና ለባለሙያ ይተዉት። የናፍጣ ሞተር የሚያቀጣጥል ካንዴላ ስለሌለው በእሱ ላይ የሚጠረጠሩት የነዳጅ ፊልትሮ፣ በመስመሩ የገባ አየርና በብርድ ጊዜ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ናቸው።

ተነስቶ ሲንቀጠቀጥ

በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) የሚንቀጠቀጥና ጉልበት ያነሰው ሞተር አንዱ ሲሊንደር እያቃጠለ ላይሆን ይችላል። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ከበራ ኮዱን ያንብቡ፤ ለዚህ የሚሆነው ኦቢዲ ሁለት የተባለው መሰኪያ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ፣ በአውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ በአብዛኞቹ መኪኖች ከመሪው ሥር ይገኛል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ካታሊስቱን (በጭስ መውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) እያጋለው ነውና በዚያ ሁኔታ መንዳት አይገባም።

ኮድ የሚናገረው ኮምፒውተሩ ያየውን ምልክት ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ፒ0302 የሚለው በሁለተኛው ሲሊንደር መቃጠል እንደጎደለ ብቻ ይገልጻል፤ ምክንያቱ ካንዴላ፣ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው)፣ ኢንጄክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም የቫልቭ ችግር ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ካለው ማለያው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍተው የሁለተኛውን ቦቢና በአራተኛው፣ የአራተኛውን በሁለተኛው ላይ ያድርጉ፤ ኮዱን አጥፍተው ጥቂት ይንዱ። አዲሱ ኮድ ፒ0304 ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ተሰዷል፤ ያው ፒ0302 ከሆነ ቦቢናው ነፃ ነው፤ ቀጥሎ ካንዴላዎቹን በተመሳሳይ መንገድ ያቀያይሩ።

ካንዴላ በወጣ ጊዜ ጫፉን ሳያዩ አይመልሱት። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የነዳጅ መብዛትን፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር እርጥበት የዘይት መግባትን፣ የነጣና የተለበለበ ጫፍ የነዳጅ ማነስን ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያሳያል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ምክንያቱ የጋራ ነው፣ ለምሳሌ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም የተሳሳተ ሴንሰር።

ፒ0171 የአየር መብዛት ወይም የነዳጅ ማነስ ነው። የኮድ ማንበቢያው የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ የጨመረውን ወይም የቀነሰውን ነዳጅ) በመቶኛ የሚያሳይ ከሆነ በሚኒሞ ያንብቡት፤ ከዚያ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ያህል አድርገው ይያዙት። በሚኒሞ ከፍ ብሎ ሲፋጠን ከወረደ አየር በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ እየገባ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የሚያፏጭ ድምፅም ይፈለግ። በተቃራኒው ሲፋጠን ከጨመረ የነዳጅ ግፊት ማነስ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ይጠረጠራል።

ሙቀትና ጭስ

የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ ከሄደ ቆመው ሞተሩን ያጥፉ፤ የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አይከፈትም፣ ውስጡ በግፊት ስለታመቀ የፈላው ውኃ ፊት ላይ ይረጫል። በከተማ ቆሞ ሲጠብቅ የሚፈላ፣ በመንገድ ሲሮጥ የሚበርድ መኪና ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፋኑ ላይ ነው፤ በተቃራኒው ሲሮጥ የሚፈላ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር፣ ያልተከፈተ ቴርሞስታት ወይም የደከመ የውኃ ፖምፓ ይጠረጠራል።

በብርድ ማለዳ የሚታይና ወዲያው የሚጠፋ ነጭ ጭስ እንፋሎት ስለሆነ አያሳስብም። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ፣ ከሚቀንስ የራዲያተር ውኃ ጋር ከተገናኘ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይቃጠል አይቀርም፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ ምንጩም ያለቀ የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ነው፤ ጥቁሩ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ ግን ምርመራውን ቆሞ ማድረግ ብቻ ነው የሚቻለው፤ ያለ ዘይት ግፊት ሞተሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቀር) ይችላል።

ብልሽቱ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ሞተሩን በሚኒሞ አስቀምጠው የሽቦ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ያነቃንቁ፤ ሞተሩ የተደናገጠበት መሰኪያ ተፈትቶ ይጽዳ። ያም ካልሆነ ለጋራዥ የሚሰጥ ማስታወሻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «የሚነሳው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ባትሪ ቆሞ 12.6፣ ሞተሪኖ ሲያዞር 10.4፤ በፖዘቲቭ ኬብል 0.2፣ በኔጋቲቭ 0.1 ቮልት ጠፍቷል፤ ፖምፓ ይሰማል፤ ሲዞር የዙር መቁጠሪያው መርፌ አይነቃነቅም» ብለው። ይህን ያነበበ መካኒክ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ትቶ በቀጥታ ወደ ክራንክሻፍት ሴንሰሩ ይሄዳል።